የእናቴ ስም ግድግዳ ላይ

እኔ ብዙም አልተማርኩም። የተማርኳትን ያህል የተማርኩት አንኮበር ነው፣ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ትምህርት ቤት ውስጥ። መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፤ ብርዱ ስለማይስማማው ካፖርቱን ሳያወልቅ ነበር የሚያስተምረን። እሱ እስኪመጣ ድረስ ለኛ ጽሕፈት ማለት ከሰሌዳ መገልበጥ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን፣

"ዛሬ ከራሳችሁ ትጽፋላችሁ" አለን። "ስለ እናታችሁ ጻፉ። ስሟን፣ መልኳን፣ ሥራዋን። ያማረውን ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ።"

እናቴ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። አባቴ ለገበያ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ስለነበር ያረሰቻት ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ናት። ምጡ ከባድ ነበር። እኔን ከቤት ቢያስወጡኝም ከግድግዳው ሥር ኩርምት ብዬ ሁሉን እሰማ ነበር። ነገሩ ሲብስ አክስቴ እናቴን በክርስትና ስሟ እየጠራች "ማርያም ሆይ፣ ፍቻት!" ስትል ለመነች። ያን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሰፈሩ የሚጠራት በሌላ ነው። ይሄኛው ግን ረጅም፣ እንደ ዜማ የሚንሳፈፍ ስም ነበር፤ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

እና ብዕሬን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ እሱን ጻፍኩት። መምህሩ ያማረ አለ፤ እኔም ያማረውን ስም ጻፍኩ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ዓርብ ጠዋት ስገባ ወረቀቴ ከሰሌዳው አጠገብ ተለጥፏል። ደስ አለኝ። መምህሩም "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቻችሁ መጥተው ያዩታል፤ ካህናቱንም ደብተራዎቹንም ጠርቻለሁ" አለ።

ለምሳ ቤት ስደርስ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ታቃስታለች። አክስቴ ሕፃኑን በአንድ እጇ ታቅፋ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ታደርጋለች።

"ምን ሆነች?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። ደህና አድራ ጠዋት ነው ያተኮሳት። የሰው ዓይን ይሆናል። ወይ ስሟን ያገኘ ደብተራ።"

"ስሟን ቢያገኝ ምን ያደርጋል?"

"የክርስትና ስም እኮ ነፍስ ነው! ጽፎ ከያዘውማ ምን የማያደርጋት አለ? በል ምሳህን ብላ።"

ምሳዬን ሳልነካ ተነሳሁ። ያተኮሳት ጠዋት ነው። ወረቀቱም የተለጠፈው ጠዋት ነው። ዛሬ ሳስበው የወሊድ ትኩሳት ነበር፤ ያኔ ስንቷን ሴት ጨርሷል። ያን ጊዜ ግን እናቴን በገዛ ብዕሬ የገደልኳት መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰው በደጃፉ ባለፈ ቁጥር ዞሬ ወረቀቱን አያለሁ። ከቆላ የወጣው ጉም በመስኮቱ ሲገባ እንኳ ስሟን ሊያነብ የመጣ መሰለኝ።

ልጆቹ ተበተኑ፣ መምህሩም ካፖርቱን ሰብስቦ ወጣ። የመጥረግ ተራው የኔና የአጠገቤ ልጅ ነበር። እሱ የአሊዩ አምባ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነው፣ ለትምህርት ብሎ አጎቱ ዘንድ የሚኖር። ሁሉን ነገርኩት።

"የኔ እናት ያላት አንድ ስም ነው" አለ እየሳቀ። "ገበያ መሐል ቆመህ ብትጠራት አቤት ትልሃለች። እናንተ ስም ትደብቃላችሁ? እኛ የምንደብቀው ፍየል ነው፣ ያውም ከግብር ሰብሳቢ!"

"አትሳቅ። ልትሞትብኝ ነው።"

ሳቁ ጠፋ። አግዳሚው ላይ ወጥቶ ወረቀቱን ነቅሎ ሰጠኝ።

ፍርሃቴ የባሰው ያኔ ነው። ምን ላድርገው? በትኩሳት የምትነድን ሴት ስም እሳት ውስጥ ልጨምር? ልቅበረው? ስም መቅበርማ ሰውን መቅበር ነው። ብቀደው ከሁለት ልከፍላት ነው። ገደል ብወረውረው ነፋሱ ወስዶ ማን እጅ ላይ ይጥለዋል? ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ።

"እኛ ቁርአን ቤት" አለ ጓደኛዬ፣ "ጣውላችን ላይ የጻፍነውን አንጥለውም። አጥበን እንጠጣዋለን። ለታመመም ይሰጣል። ከጠጣኸው ሆድህ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያገኘዋል?"

"የኔ ቁርአን አይደለም እኮ።"

"ታዲያ ቀለም አይደለም? ምን ቸገረህ!"

የነሱን ሥርዓት ማድረጉ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ሆነብኝ። ቢሆንም ወለል የምንረጭበት ጣሳ ውስጥ ውሃ ቀዳንና ወረቀቱን ነከርነው። ፊደሎቹ መጀመሪያ አበጡ፤ ከዚያ እየተሟሙ፣ እየተያያዙ ሄዱ። በጣቴ አሸሁት። ውሃው ሰማያዊ ሲሆን ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት። አፈር አፈር፣ ብረት ብረት ይላል።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣

"ና እስቲ ወዲህ። ከንፈርህን ምን ነካው?" አለችኝ።

አፌን ገጠምኩ።

"ክፈት!"

ከፈትኩ።

"ወይኔ ልጄን! ምላሱ ጠቁሯል! ማን ምን አበላብኝ?"

ቀና ማለት ያቃታት ሴት ከመደቡ ተነስታ አገጬን ያዘች። እጇ እንደ ፍም ያቃጥላል።

"ቀለም ነው፣ እማዬ። ቀለም ጠጣሁ።"

"ቀለም ይጠጣል እንዴ? እዚያ ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?"

"የዘመኑ ትምህርት ነዋ" አለች አክስቴ፣ ደግፋ እያስተኛቻት።

ትኩሳቱ የለቀቃት በማግስቱ ወደ ማታ ነው። ላብ አጠመቃትና አጥሚት ስጡኝ አለች። አክስቴ ያጠጣኋት ጸበል ነው አለች። እኔ ትንፋሿን እያዳመጥኩ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

ሰኞ መምህሩ ባዶውን ቦታ አይቶ "ነፋስ ወስዶት ይሆናል። እንደገና ጻፈው" አለኝ። ብዕሩን ነከርኩ። ሰፈሩ የሚጠራትን ስም እንኳ ልጻፍ ብል እጄ እምቢ አለ። ቆይቼ ቆይቼ "እናቴ እማዬ ትባላለች። ዛሬ አጥሚት ጠጥታለች" ብዬ ሰጠሁት።

አነበበና ገርሞት አየኝ። "ስሟን አታውቀውም?"

"አላውቀውም፣ ጌታዬ።"

አልለጠፈውም። እኔም ሄጄ ቦታዬ ተቀመጥኩ።