የነጣው የኪኔ ቀለበት

ሱኬና ቻም ከሰው የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰላምታ። ሌላው ይቅርባት። ዳካር፣ ሜዲና ሰፈር፣ ከወንድሟ ጋር ወደያዙት ወርቅ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሰላም ይበል፣ ስለ ቤተሰብ ይጠይቅ፣ እሱም ይጠየቅ፣ ከዚያ በኋላ ካሻው ይሳደብ። ዛሬ ግን ምን የሚሉት ዘመን እንደመጣ እንጃ፣ ሰውየው ከመግባቱ በፊት ስልኩ ይገባል። ከስልኩ ኋላ ክንድ፣ ከክንዱ ኋላ የተቆጣች ሴት። ሱኬና ሰላምታ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሴትየዋ ለካ "እንዴት ናችሁ ውዶቼ" የምትለው ስልኩ ውስጥ ላሉት ነው። ፊቷ ለቆመችው አሮጊት የምትተርፍ አንዲት ሰላምታ የላትም።

ቻሞች ከጥንት አንጥረኞች ናቸው። ወንድሟ ቢራን ከኋላ ክፍል እሳቱ ዘንድ አንገቱን ደፍቶ ይውላል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የወርቅ ክር እየጠመጠመ አበባ ያወጣል፣ ቅጠል ያወጣል። እጁን አገር ያውቀዋል። ከሰው ጋር ማውራት ግን አልፈጠረበትም፤ ደንበኛ ቀና ብላ ካየችው እንኳ መጋረጃውን ይስባል። ስለዚህ አፍ የሆነችለት ሱኬና ናት። አባታቸው ሲሞት እሱ መዶሻውን ወረሰ፣ እሷ ደንበኛውን ወረሰች ይላል ሰፈሩ። መዶሻው እንደሚቀል እሷ ትምላለች።

ድሮ ቅሬታ ራሱ ወግ ነበረው። አምባር የጠበባት ሴት ራሷ አትመጣም ነበር፤ አክስቷን ወይም የቤተሰቡን አዝማሪ ትልካለች። መልእክተኛዋ ትቀመጣለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ የቻሞችን አያት ቅድመ አያት እያነሳች ታወድሳለች፤ ልትሄድ ስትነሳ ነው "እንዲያው ያቺ አምባር እኮ..." ብላ ቃሉን ሳትጨርስ የምትተወው። ሱኬናም "ላኩልኝ" ትላለች። አለቀ። አንጥረኛን ፊት ለፊት መውቀስ ነውር ነው፣ እሳት ከሚያዝ ሰው ጋር ማን ይጣላል ይባል ነበር።

አሁን ሁሉም ይጣላል። አንዷ በስልክ ያየችውን የዱባይ ሐብል አሳይታ፣ በግማሽ ክብደት ሠርታችሁ ልክ እሱን ይምሰል ብላ፣ ሳይመስል ሲቀር አታለሉኝ ብላ ጮኸች። ሌላዋ ወርቄ ቪዲዮ ላይ አያበራም ብላ መጣች። ሱኬና በዚያን ቀን ትዕግሥቷ አልቆ ነበርና "እንግዲያው ስልክሽን ውቀሺ እንጂ ወርቁ ምን አደረገሽ" አለቻት። ይቺም አባባል ተቀርጻ ወጣች። በማግስቱ ዓሣ ሻጩ ሳይቀር፣ ኧረ አክስት ሱኬና ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት ትናደፊያለሽ እያለ ሳቀባት። ደሟ ፈላ፣ ግን ምን ታደርግ።

ይህ ሁሉ ግን የኪኔ ጌይ ነገር እስኪመጣ ነው። ኪኔ ጨርቅ በስልክ የምትሸጥ ልጅ ናት፤ ተከታዮቿ ከአንድ ከተማ ሕዝብ ይበልጣሉ ይባላል። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ የስም ማውጫው ቀን ሲደርስ ቀለበቷን ያሠራችው ከቢራን ነው። በበዓሉ ላይ እጇን ወደ ስልኩ ዘርግታ "የቻሞች እጅ ይባረክ" ስትል በዚያው ሳምንት ደንበኛ ጎረፈ። ሱኬና እንኳ ስልክን ልትመርቅ ምንም አልቀራት። ወራት አለፉና ያው እጅ እንደገና ተዘረጋ። ቀለበቱ ነጥቷል፤ ግማሹ እንደ ቆርቆሮ። "ቻሞች ብር በወርቅ ቀብተው ሸጡልኝ" አለች ኪኔ፣ እንባም ጣል አድርጋ።

እህቴ፣ ወሬ እንዲህ ይሮጣል? ምሳ ሳይደርስ ሴቶች በእናቶቻቸው ጊዜ የተሠራ አምባር ሳይቀር ተሸክመው ይመረመርልን እያሉ ደጁን ሞሉት። ለአረፋ የሙሽራ ጌጥ ሙሉውን ያዘዘው የቴስ ከተማ ቤተሰብ ትእዛዙን ሰረዘ፤ ቢራን ግማሹን ጨርሶት ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የቻሞች ስም ግን ከቁርስ እስከ ምሳ መዋል አቃተው። ቢራን ከኋላ ክፍል ወጥቶ በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ያህል ተናገረ፤ እጄን ሌባ አሉት፣ አንቺ አፌ አይደለሽም ወይ፣ ተናገሪልኝ አላት።

ሱኬና ደግሞ የምትናገረው አጥታ አይደለም። ቪዲዮውን እንዳየች ነው የገባት። የኪኔ ፊት ከስም ማውጫው ቀን ወዲህ እንደ ወተት ነጥቷል፤ የጣቶቿ አንጓዎች ብቻ እንደ ጥንቱ ጠቁረው ቀርተዋል። ቆዳ የሚያነጣው ቅባት ነው። በየጉሊቱ ስም ሳይኖረው ከሚሸጠው ቅባት ውስጥ ሜርኩሪ ያለበት ሞልቷል፣ ያ እንደ ውሃ የሚሮጠው ብረት፤ ወርቅ ደግሞ ሜርኩሪ ካገኘ ይጠጣዋል፣ ጠጥቶም ይነጣል። ሱኬና እንዲህ ያለ ቀለበት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ድሮ ሴትየዋን ወደ ጓዳ ጠርታ "ልጄ፣ ቅባቱን ተይው" ትላታለች፤ ቢራን ቀለበቱን ግቢ አውጥቶ፣ ጭሱ እንዳያገኘው ነፋሱን ለጀርባው ሰጥቶ በእሳት ያጠራዋል። ባል አይሰማ፣ አማት አይሰማ። የሰው ገመና ነዋ።

ኪኔ ግን መልኬን ከእናቴ ነው የወረስኩት እያለች በየቀኑ የምትምል ልጅ ናት። ይህ አንድ ነገር። ሱኬናን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነው። በዚያው ቪዲዮ ላይ ሕፃኑ ጭኗ ላይ ነበር፤ እናቱ ቻሞችን ስትረግም እሱ ጣቷን ይዞ ይጠባል። ሱኬና ያንን እያየች "አንቺ የማትረቢ፣ ልጁን መርዝ እያበላሽው እኮ ነው" ብላ ለስልኩ ጮኸችበት። ስልኩ ምን ይሰማል።

ብቻሽን ነይ፣ ስልክሽን ሳትይዢ፣ የምነግርሽ አለኝ ብላ ላከችባት። ኪኔ መልእክቱን ለተከታዮቿ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ይኸው ያስፈራሩኛል፣ እሳት የሚያዙ ሰዎች ብቻዬን ለምን ይፈልጉኛል አለች። ሱኬና ቆይ በወጉ ይሁን ብላ አንዲት ያረጀች አዝማሪ ላከች፣ የኪኔን አያት ሳይቀር ያወደሰች ሴት። ኪኔ አሮጊቷንም ቀረጸቻት። አፌን ሊያስዘጉኝ ሽማግሌ ላኩብኝ ብላ። አዝማሪቱ ተመልሳ መጥታ፣ አርባ ዓመት ሳዜም እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም ብላ አለቀሰች፤ እሷን ማባበልም የሱኬና ሥራ ሆነ።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኪኔ ራሷ መጣች። ስልኩ ቀደመ፣ እርግጥ ነው። በቀጥታ እያስተላለፈች ነበር፤ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ የነጣውን ቀለበት ከፍ አድርጋ ይዛለች። ቢራን ድምፅ ሰምቶ መጋረጃው ሥር ቆመ። ሱኬናን ብቻ ነበር የሚያየው።

"አክስት ሱኬና፣ ሕዝቡ ይሰማሻል" አለች ኪኔ። "ቀለበቴ ለምን ነጣ?"

"ስልኩን ዝጊው፣ እነግርሻለሁ።"

"የሚደበቅ ከሌለ ለምን ይዘጋል?"

እውነቱ ሱኬና ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ቅባት። አንዲት ቃል። ብትላት ሱቁ ይድናል፣ ወንድሟ ቀና ይላል፣ ይቺ ባለጌ ልጅ ደግሞ የእጇን ታገኛለች። ይገባታል! ስልኩ ላይ የሰው አስተያየት እንደ ጉንዳን ሽቅብ ይተማል፣ የሚስቅ ፊት፣ የሚስቅ ፊት። ግን ከዚያስ? ሰው ፊት የተዋረደ ሰው ምክር አይሰማም፤ የሚሰማው ውርደቱን ብቻ ነው። ኪኔ እየረገመች ትወጣለች፣ ውሸቷን ነው ትላለች፣ ውሸቷን መሆኑን ለማሳየትም ማታውኑ እጥፍ ትቀባለች። ሕፃኑም ያንኑ ጣት ይጠባል።

ሱኬና ወደ መጋረጃው አላየችም። "ጥፋቱ የእኛ ነው" አለች። "ቀለበቱን እንተካልሻለን። አሁን ዝጊው።"

ኪኔ ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ቀለበቱን ዝቅ አድርጋ ስልኩን ዘጋችው። መጋረጃው ሥር ማንም አልነበረም።

ሱኬና በሩን ቀረቀረች። ከዚያ ወዲያ የለቀቀችባት ስድብ አይነገርም፤ የወራት ንዴቷን ነው ያወረደችባት። እጇን አፈፍ አድርጋ የጠቆሩትን አንጓዎች አንድ በአንድ እየነካች ምን እንደምትቀባ ጠየቀቻት። ኪኔ መጀመሪያ ካደች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በመጨረሻ አንገቷን ደፋች። ሱኬና ስለ ቅባቱ፣ ስለ ሜርኩሪው ነገረቻት።

"ወርቁ ጠጥቶት ነው የነጣው" አለቻት። "ወርቁ የጠጣውን ልጅሽም እየጠጣው ነው።"

ኪኔ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው፤ ከዚያ እጇን ትዝ ሲላት መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ በምን እንደምትይዘው ጠፋባት። ይሞትብኛል ወይ አለች። ሱኬና እኔ አንጥረኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ ዛሬውኑ ውሰጂው፣ ቅባቱንም ይዘሽ ሂጂ፣ አትደብቂያቸው አለቻት። ውሃና ሳሙና ሰጥታ እጇን እስከ ክንዷ አስታጠበቻት፤ እንደ ልጅ። ኪኔ ቀለበቱን ትታ ልትወጣ ስትል፣ ለምን ያን ሁሉ ሰው ፊት አልተናገርሽም ብላ ጠየቀች።

"ልናገር ስሞክር ስልክ እንጂ ጆሮ መቼ ይዘሽ መጣሽ" አለቻት ሱኬና።

ቢራን ቀለበቱን ግቢ ወስዶ አጠራው። ነጩ በእሳት ሄደ፣ የራሱ ቢጫ ተመለሰ። አምጥቶ ሱኬና ፊት አኖረው።

"የእሷን ገመና በእኔ ስም ሸፈንሽው" አለ።

 ምሳ ሲቀርብ ወደ ትልቁ ሳህን አልቀረበም፤ ሩዙን በትንሽ ሳህን አስቀድቶ እሳቱ ዘንድ ወሰደው። በዚያ ቤት ሰው ከአንድ ሳህን ነው የሚበላው፤ ለብቻው የሚቀዳው የታመመ ወይም የተጣላ ነው። እንዲህ እያለ አረፋ አለፈ። ሱኬና ከትልቁ ሳህን ዳር ብቻዋን ተቀምጣ፣ ዓሣው አልጣፍጥ እያላት፣ ትክክል ሠርታ ስታበቃ ጥፋተኛ መሆኗ ያንገበግባት ነበር። ጣጣ እኮ ነው፣ የሰው ገመና መሸፈን።

ኪኔ ውለታ ልትመልስ ፈለገች። አዲስ ቪዲዮ አወጣች፣ እግዜር ይስጣት። የቻሞችን ቀለበት እያሳየች፣ "ሰዎቹ አጥፍተው ነበር፣ ግን አመኑ፤ ሌባ ሆኖ የሚያምን በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?" አለች። ሱኬና ስልኩን ወደ ግድግዳው ልትወረውረው ነበር። ሰው ደግሞ አጨበጨበላት! ከሄዱት ደንበኞች የተመለሱት ግን ጥቂት ናቸው፤ የቴስ ሰዎች ለሙሽራቸው ከሌላ አሠርተዋል።

በዚያ ቀን ምሳ ሲቀርብ ቢራን ትንሿን ሳህን ባዶዋን ይዞ መጣና ቆመ።

"ልጁስ?" አለ።

"ሐኪም ይዞታል። ቶሎ በመምጣቱ ይድናል ብለዋታል። ቅባቱን ጥላዋለች፤ ትናንት ያለ ስልክ መጥታ አሳየችኝ፣ ግንባሯ ወደ ራሱ መልክ እየተመለሰ ነው።"

ቢራን ትንሿን ሳህን መሬት አኖረ። ከዚያ ትልቁ ሳህን ዳር ተቀመጠ።

"ሌላ ጊዜ የሰው ገመና ስትሸፍኚ የራስሽን ስም አልብሽው" አላት።

ሱኬና የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አኖረች። "ደጃፉ ላይ የተጻፈው 'ቢራን ቻም' ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ቆሜ ስሰደብ ስሜን ማን ጠየቀኝ? የትኛውን ስም ላልብሰው?"

ወንድሟ ዓሣውን በእጁ ፈልፍሎ እሾሁን አወጣና ሥጋውን በእሷ በኩል ወዳለው ሩዝ ገፋው። ሱኬና እያጉረመረመች በላችው።