የወይዘሮ የማርያምወርቅ ክህደት

አማቴን አልወዳቸውም ነበር። እሳቸውም አይወዱኝም ነበር፤ በዚህ ጉዳይ እርስ በርስ ተዋሽተን አናውቅም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ የእንጦጦ ሰው ናቸው፤ የመሪጌታ ሚስት፣ በኋላም የመሪጌታ ባልቴት፤ ሲያልፉ የሰበካው ሴት ሁሉ ነጠላዋን የምታስተካክልላቸው። እኔ ካራ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በዚያ ላይ ጴንጤ። ልጃቸው ሠረቀብርሃን ሲያገባኝ ሠርጋችን ላይ አልተገኙም። ስሜ ውዴ ነው፤ ለእሳቸው ግን በአባቴ ስም «የኤጀታ ልጅ» ብቻ ነበርኩ። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ ሰው ቤት ተደብቀን ስንጸልይ ተይዘን ሦስት ሳምንት ቀበሌ በታሰርኩ ጊዜ «ደግ አደረጉ» ማለታቸውን የነገረኝ ባሌ ራሱ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እኚህ ሴት አንጀታቸው ታጥፎ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጎረቤት በቃሬዛ ከተራራው አወረዳቸው። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ያን ጊዜ አሰብ ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውም። አስታማሚ ሆኜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሆስፒታል በር ላይ ሲያዩኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኦፕራሲዮኑ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከማደንዘዣው ሲነቁ ማስመለስ ያዛቸው፤ የሚወጣ ነገር ሳይኖር ይታገላቸዋል፣ በታገላቸው ቁጥር ስፌቱ ይሳባል። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ጥሩብርሃን ጋቢ አጣጥፌ ቁስሉን በሁለት እጄ እንዴት ደገፍ እንደማደርግላቸው አሳየችኝ። አንዴ ሞከርኩ። «እጅሽን አንሺ» አሉኝ። ለማቅለሽለሹ ያሽትቱት ብዬ ሎሚ ቆርጬ አቀረብኩ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ስወጣ ግን አንስተው ያሸቱታል። ስመለስ ሎሚው ካስቀመጥኩበት አይገኝም።

ሕመም የሚባል ነገርም የለባቸውም። ሲስተር ጥሩብርሃን መርፌዋን ይዛ መጥታ «እማማ፣ ያምዎታል?» ስትላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ይህን የሚሉት የነጠላቸውን ጥለት ሲነክሱ ቆይተው ነው፤ ጥለቱ በምራቅ ርሷል። በዚያን ጊዜ መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም፤ ቁስለኛው ከሰሜን በመኪና እየተጫነ ይመጣል። አላመመኝም ያለውን ሰው መርፌው አልፎት ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። እሳቸውንም አለፋቸው። ስለሚያማቸው ደግሞ በደንብ አይተነፍሱም፣ አያስሉም፣ አይነሱም። ሲስተር «ካልተንቀሳቀሱ ሳንባዎ ይታመማል፣ አንጀትዎም አይነቃም» ብትላቸው፣ «እኔን በዚህ ጀርባው በተከፈተ ልብስ ወንድ ፊት ልታዞሪኝ ነው?» አሏት። ጋቢዬን ከኋላ ደርቤላቸው ነው በስንት ልመና የተነሱት።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነበር። አንጀቱ የተቀደደ ሰው ፈስ እስኪወጣው ድረስ ውሃ እንኳ አይሰጠውም፤ አንጀቱ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በዚያ ነው። ስለዚህ ሲስተር ጥሩብርሃን በየጠዋቱ አሥራ ሁለት አልጋ ባለበት ክፍል መሀል ቆማ፣ «እማማ፣ ፈሱ?» ትላለች። አንቱ ብላ በአክብሮት መጠየቋ ነውሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

«እኔ?» ይላሉ አማቴ። እንዲህ ያለ ነገር ከተወለዱ ጀምሮ ደርሶባቸው አያውቅም። ሲስተር ወረቀቷ ላይ «አልወጣም» ብላ ትጽፍና ታልፋለች።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግፌያቸው በኮሪደሩ ስናዘግም ወጣ። ጆሮ ላለው ሁሉ የሚሰማ ነበር። እሳቸው ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ።

«ይሄን በር ዘይት የሚቀባው ሰው የለም?» አሉ።

የሚቀርበን በር ሃያ እርምጃ ይርቃል። ጥቂት እንደሄድን ደገሙት፤ በዚህኛው ጊዜ ስለ በሩም አልተናገሩም። አልጋቸው ጋ ስንደርስ ሲስተር ጠየቀቻቸው። «አልወጣም» አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ውሃ ይጥማቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ እያየሁ፣ ቀበሌ የታሰርኩባት ክፍል ትዝ እያለችኝ፣ በልቤ ደግ አደረግሁ አልኩ።

ማግስቱ እሑድ ነበር። የነፍስ አባታቸውና የእድር ሴቶች ከእንጦጦ ወርደው አልጋውን ከበቡ። አንዷ ከነጠላዋ ስር የጸበል ጠርሙስ አውጥታ ሰጠቻቸው። ምንም እንዳይቀምሱ ተከልክለዋል ብል፣ ጸበል መቼ ምግብ ሆኖ ያውቃል ብላ ገላመጠችኝ። ግማሹን ጠጡና ጠርሙሱን ትራሳቸው ስር ከተቱት። ብዙም ሳይቆይ መሬት ላይ አስመለሱት።

ኦፕራሲዮኑን የሠራላቸው ዶክተር ነገሳ ከማለዳ ጀምሮ ቁስለኛ ሲሰፋ ውሎ፣ የጠዋቱን ጉብኝት ያደረገው በዚያ ሰዓት ነው። ትውከቱን አየ፤ ወረቀቱን አየ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አምስት ቀን ሙሉ አልወጣቸውም፤ አሁን ደግሞ ያስመልሳቸዋል። አንጀቱ እንደገና ታጥፏል ማለት ነው። ነገ ጠዋት እከፍታቸዋለሁ» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለተኛውን ማደንዘዣ ይህ የደከመ ሰውነት ላይችለው ይችላል፤ ፈርሚ» ብሎ የፈቃድ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

አማቴን አየኋቸው። ሰምተዋል። አፋቸው ግን እንደተዘጋ ነው። እኚህ ሴት የነፍስ አባታቸው ፊት ያንን ቃል ከሚናገሩ ነገ ቢላዋ ስር ሊሞቱ ቆርጠዋል። ትናንት አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ነገሩ እዚህ አይደርስም ነበር። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

«አልፈርምም» አልኩ። «ትናንት ኮሪደር ላይ ፈስተዋል። ሁለት ጊዜ። አሁን ያስመለሳቸውም የጠጡት ጸበል ነው። ጠርሙሱ ትራሳቸው ስር አለ።»

የነፍስ አባታቸው መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ጸበል ያመጣችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ትዋሻለች» አሉ አማቴ። «ጴንጤ ናት።»

ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ በድካም ቀልቷል። «እማማ፣ ልጅቷ ዋሽታ ከሆነ ነገ ሆድዎን እቀዳለሁ። ካልዋሸች ሻይ ይጠጣሉ። የቱ ይሁን?»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። በመጨረሻ ከነጠላው ስር፣

«አንድ ጊዜ ነው እንጂ ሁለት ጊዜ አይደለም» አሉ።

ዶክተሩ ማዳመጫውን ሆዳቸው ላይ አሳርፎ ብዙ ካዳመጠ በኋላ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። በዚያው ቀን ቀጭን ሻይ በማንኪያ ጠጡ፤ አላስመለሳቸውም። በአሥረኛው ቀን ስፌቱ ተፈትቶ በእግራቸው ወጡ።

ያን የተናገርኩት ከፍቅር ነው ብል እዋሻለሁ። ፈርቻለሁ፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ፊት ስናገር ደስ ብሎኛልም። እሳቸውም ይህን አይተውብኛል። «ልጄ ያገባት ሴት ሰው ፊት ገፈፈችኝ» ብለው ለሰበካው ሁሉ አወሩ። አምስት ዓመት አላናገሩኝም። መገናኛ ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ እንኳ እንደ ስልክ እንጨት አልፈውኝ ይሄዳሉ።

በ1979 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ስነቃ ያስመልሰኛል፤ ሆዴን በምላጭ የሚተለትሉኝ ይመስለኛል። ሁለት የጸሎት ቡድናችን ሽማግሌዎች ጠያቂ መስለው ገብተው፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ እየጸለዩልኝ ነው። ነርሷ ያምሻል ወይ ብትለኝ፣ እምነቴ ጎደለ እንዳይሉኝ፣ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት። መርፌዋን ይዛ ልትሄድ ስትል አንድ ከዘራ በሩን ገፋው።

«ትዋሻለች» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «ከንፈሯን አታዪም? ውጊያት።»

ተወጋሁ። እንደገና ሲያስመልሰኝ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ቁስሌ ላይ በሁለት እጃቸው ያዙልኝ፤ ልክ ሲስተር ጥሩብርሃን እንዳሳየችኝ። እጃቸው ከባድ ነበር። ፊቴን አላዩኝም፤ ሕፃኑንም ገና አላዩትም።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ አሁንም አሉ። አማቴ ክፍሉ መሀል ቆመው፣ እስከ ኮሪደሩ በሚሰማ ድምፅ ነርሷን፣ «ያቺ የኤጀታ ልጅ ፈሳች?» አሏት።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ስንት ጊዜ?» አሉ።

«ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲያው ሻይ ስጧት» አሉና፣ ሕፃኑን ሊያዩ ወደ አልጋዬ መጡ።