ጸበል ያልተረጨበት ክፍል

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሦስት ቀን ሲቀረኝ የነፍስ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ፣ እኔንም ለመንገዴ ሊመርቁኝ መጡ። እናቴ ጓዳ ነበረች። እኔ ክፍሌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ላፕቶፑን አስጎብኚ የሆነው አባቴ ከአንድ እንግዳ ነው ያገኘው፤ የጦር አውሮፕላን ማብረር የሚያለማምድ የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ሲሙሌተር፣ ተጭኖበት መጣ። ክረምቱን በሙሉ እሱን ስማር ከረምኩ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያጓራው?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«አውሮፕላን ነው አባ። ይግቡ፣ አገርዎን ከሰማይ ላሳይዎት።»

«እኔን? በቅሎ ላይ እንኳ ያዞረኛል!» እየሳቁ ገብተው ተቀመጡ። የጸበሉን ጠርሙስ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ደስ እንዲላቸው ስለፈለግሁ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ቀርፋፋ የማሠልጠኛ አውሮፕላን አለ፣ ፈጣኑ ተዋጊ ሚግ 21 አለ፣ ከመርከብ ላይ የሚነሣም አለ። ጎማው ሲታጠፍ ድምፁ ይሰማል። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ካለ ክንፉ አየር መያዝ ያቅተውና አውሮፕላኑ እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል። በኃይል ሲጠመዘዝ ደግሞ የአብራሪው ዐይን እንደሚጨልም ሁሉ ስክሪኑም ከዳር ይጠቁራል። ሚሳኤል ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ጩኸት፣ ሚሳኤሉን የሚያሳስት የእሳት ፍንጣሪ፣ ምንም አልቀረም።

«አሸተን ማርያም የታለች?»

«ተራራው ይኸው አባ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ካርታው ላይ የለም።»

«የለም?» ቅር አላቸው። ስለዚህ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ብልባላ ወሰድኳቸው። በማሠልጠኛው ቀስ ብዬ ላሳያቸው እችል ነበር። እኔ ግን ሚጉን መረጥኩ። መንገዱን በደንብ እንዲያዩት ዝቅ አልኩ፤ ድምፁንም ከፍ አደረግሁት።

አንገታቸውን ሰበሩ። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«አዞረዎት አባ?» ብዬ ሳቅሁ።

«ከላይ ሲሆኑ ሰው ይታያል?» አሉ።

«አይታይም። ሰው አልተሠራለትም አባ።»

«እኛ ግን ከታች ሆነን አውሮፕላኑን እናየው ነበር» አሉና ተነሡ።

በጦርነቱ ጊዜ በዚያው በብልባላ መንገድ አውሮፕላን ሲመጣ፣ ከእህታቸው ጋር አንድ ቦይ ውስጥ በደረታቸው ተኝተው ነበር። እሳቸው ተነሡ፤ እህታቸው አልተነሡም። ይህን ለእናቴ ሲያወሩ እዚያው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። አውቅ ነበር።

ሳሎኑን ረጩ፣ እናቴን ረጩ፣ ወጡ።

«አባ፣ ልጅቱስ?» እናቴ ተከትላቸው ወጣች።

«እመለሳለሁ» አሏት።

አልተመለሱም። ቤታቸው ከእኛ ቤት አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሦስት ቀን ሙሉ እሄዳለሁ እያልኩ ሻንጣዬን ሳስተካክል ዋልኩ። ሲሙሌተሩን ከላፕቶፑ ላይ አጠፋሁት፤ እሱን ማጥፋት ይቅርታ ከመጠየቅ ይቀላል።

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እናቴ ከቤት ደወለችልኝ። «አባ እዚህ ናቸው፤ ልጄ እንዴት ሆነች እያሉ ነው። ላገናኝሽ?»

ከበስተኋላዋ ሳላቸው ይሰማኛል።

«ክፍል ልገባ ነው እማዬ» አልኳት።

እሑድ ነበር፤ እሷም ከቅዳሴ መመለሷ ነው።