አረንጓዴ ክዳን ያለው ድስት

ዛሬ ገበያ ውስጥ አረንጓዴ ክዳን ያለው ድስት አየሁና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ሞያሌ በኬንያ በኩል ስንኖር፣ እናቴ እንዲህ ያለ ድስት ነበራት። ክርስቲያን ያረደው ሥጋ ገብቶበት አያውቅም፤ ዓይናቸው ለጠፋው ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ለማማ ሀሊማ፣ ብቻ ታበስልበታለች። ሁዳዴን እየጾመች እንኳ የፍየል ሾርባ ትሠራላቸው ነበር። ስለማትቀምሰው ጨዉን የምትጨምረው በግምት ነው።

አንድ ቀን «ዛሬ አንቺ ሥሪላቸው» ብላኝ ወጣች። እኔም ቸኩዬ በእኛ ድስት ቀቀልኩት። ስትመለስ የዝንጅብሉ ሽታ ግቢውን አውዶታል። ድስቱን አየችና ከእሳቱ ላይ አወረደችው።

«እማ፣ እሳቸው እኮ አያዩም» አልኳት።

«እሱ ነው የባሰው» አለችኝ። «እኔን አምነው ነው የሚበሉት።»

ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት፣ ድስቱ የእኛ፤ ሾርባው ለእኛም ለእሳቸውም የማይሆን ሆነ። ለውሻ ደፋችውና በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ወደ ሥጋ ቤቱ ተመለሰች።

እንደገና የሠራችውን እኔ ወሰድኩላቸው። ማማ ሀሊማ አንዴ ፉት አሉና ሳቁ።

«ጨው አንሶታል። የእናትሽ ነው።»

ድስቱን ገዛሁት። ለማን እንደማበስልበት ግን ገና አላውቅም።