ጠመንጃው የተጫማው ተረከዝ

ባለፈው እሑድ ብልባላ ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ድንጋይ ተሸክሜ ተንበረከክሁ። ሰው አልመታሁም፣ ሰው አልሰደብኩም... ተረከዝ ነው ያስያዘኝ።

እኔ ላሊበላ ከተማ ጫማ ሰፊ ነኝ። አጎቴ አያ ሲሳይ ደግሞ የብልባላ ገበሬ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ኩራታቸው ረጅም። እርሳስ የሚበትን አሮጌ የአደን ጠመንጃ አላቸው። ትከሻ ላይ የሚያርፈውን የሰደፉን ጫፍ ነቀዝ ቢበላው አናጢ ቆርጦ አሳጠረላቸው። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር እንደ በቅሎ ይራገጣል። አምና በጎረቤት ሠርግ ቢተኩሱ ወደኋላ ወርውሮ ጠላ ጋን ላይ አስቀመጣቸው። ጋኑ ተሰበረ፣ ብልባላ እስከ ዛሬ ይስቃል።

አሁን ደግሞ የገዛ ልጃቸው የሺ ልትዳር ሆነ። አማቾቹ ከፍላቂት ነው የሚመጡት። አጃቢው ሲደርስ የሙሽሪት አባት ካልተኮሰ ነገሩ ሠርግ አይመስልም።

ከሠርጉ በፊት ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ሱቄ መጡ።

«ልጄ፣ ለዚህ ጫማ ታደርግለታለህ?»

«ለጠመንጃ?»

«ለሰደፉ እንጂ! ትከሻዬን ጨረሰው እኮ። ፍላቂቶች ፊት ከወደቅሁ አገር ለቅቄ ነው የምሄድ።»

«አብሽሩ አያ ሲሳይ፣ ቀላል ነው።»

«ለሰው ብትናገር ግን ወዮልህ! የገዛ ጠመንጃውን ፈርቶ ትራስ አደረገለት ከሚሉኝ ሞት ይሻለኛል። ማል!»

ነአኩቶ ለአብን ጠርቼ ማልኩ።

አንድ ፈረንጅ ትቶልኝ የሄደ የተራራ ጫማ ነበረኝ። ላዩ አልቋል፣ ሶሉ ግን ወፍራም ጎማ ነው፤ ተረከዙ ላይ ኮከብ ተቀርጾበታል። የአንደኛውን ተረከዝ ቆረጥኩ፣ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁ፣ ማስቲሽ ቀብቼ ለጠፍኩት። ዳር ዳሩን በሰደፉ ልክ ሞርጄ ቀለም ቀባሁት። ያጠረው ሰደፍ ርዝመቱ ተመለሰለት። አያ ሲሳይ ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ሲሞክሩት ፊታቸው በራ።

ሁለተኛው ተረከዝ ለምን ይባክናል ብዬ የራሴ ጫማ ላይ ለጠፍኩት። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው።

የሠርጉ ቀን አያ ሲሳይ አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጠመንጃውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ዳሱ በር ላይ ቆሙ። እዚያው ጎን እንግዳ እጁን ይታጠባል፣ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ሰደፉ ጭቃው ውስጥ ነው... እኔም ልብ አላልኩም።

አጃቢው ብቅ ሲል አያ ሲሳይ ፎከሩ፣ ጠመንጃውን አነሱ፣ ወደ ሰማይ ለቀቁት። ድው! ንቅንቅ አላሉም። እልልታው ቀለጠ። ደስ ብሎኝ እንባዬ ሊመጣ ነበር።

እልልታው ሲበርድ ከፍላቂት የመጡ አንድ ሽማግሌ አፍጥጠው አዩዋቸው።

«የሙሽሪትን አባት ማን ነው የረገጣቸው?»

ዞር ብለን አየን። ነጩ ጋቢ ላይ፣ ልክ ትከሻቸው ላይ፣ ጥርት ያለ የጭቃ ተረከዝ። ከነኮከቡ።

የሙሽሪት ወገን «የእናንተ ሰው ነው!» አለ፤ የሙሽራው ወገን «የእናንተ ነው!» አለ። ዱላ ሊነሳ ሆነ። ሽማግሌው ብልህ ናቸው መሰለኝ፣ «ሁሉም እግሩን ያንሳ!» ብለው አዘዙ። ሚዜው፣ አጃቢው፣ ወጥ የሚያወጣው ሳይቀር በየተራ እግሩን እያነሳ ታየ።

እኔ ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እግሬን በግድ አነሱት... ኮከብ።

አያ ሲሳይን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ዓይናቸው «ትናገርና!» ይላል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ተብሎ የለ? «አዎ፣ እኔ ነኝ የረገጥኳቸው» አልኩ።

«የገዛ አጎትህን? ትከሻቸው ላይ? እንዴት አድርገህ?»

«ዘልዬ...»

ሽማግሌዎች ፈረዱብኝ። እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ ጭኜ አያ ሲሳይ እግር ስር ተንበረከክሁ። እሳቸው ጠመንጃቸውን ጭቃው ላይ ተክለው፣ አንገታቸውን አቅንተው ቆሙ። ቆይተው ቆይተው «ይቅር ብየዋለሁ! ልጅነት ነው!» አሉ። እኔ እኮ የሁለት ልጆች አባት ነኝ!

እልልታው እንደገና ቀለጠ። አያ ሲሳይ ልባቸው ሞቀ። ጥይት አጎረሱና ለእርቁ ደስታ ደገሙት። ድው!

ሁሉም ትከሻቸውን አየ።

ከመጀመሪያው ኮከብ ጎን ሌላ ትኩስ ኮከብ ወጥቷል። እኔ አሁንም ድንጋዬን እንደተሸከምኩ ተንበርክኬአለሁ፣ ሁለቱም እግሮቼ ለሕዝብ ይታያሉ።

የነፍስ አባታቸው ቄሱ ተራ በተራ ጋቢውንም፣ እኔንም፣ ሰደፉንም አዩ።

«ልጄ፣ ድንጋዩን አውርድና ለጠመንጃው አሸክመው» አሉ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ሲሳይ ግን አልሳቁም። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ መግቢያ ጠፋቸው። ጫማዬን አውልቄ ባቃጥለው ደስ ባለኝ።

ይኼኔ የሙሽራው አባት ተነሱ። ግዙፍ ሰው ናቸው፣ የፍላቂት ሰው ሁሉ የሚፈራቸው። ቀጥ ብለው አያ ሲሳይ ጋ ሄዱ፣ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው የበለዘ ትከሻቸውን አሳዩዋቸው።

«የኔም ሲራገጥ ነው የኖረ፣ ለሰው አልተናገርኩም እንጂ። ማን ነው የሠራልህ?»

አያ ሲሳይ ቀና አሉ። ቀስ ብለው ፈገግ አሉና በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ሥራውን ተቀብያለሁ፣ እሠራላቸዋለሁ... ተረከዙን ግን በመጀመሪያ ሞርጄ ልሙጥ አደርገዋለሁ።