በሆራ ቀን የተመዘኑ ጥጆች

በደርግ ዘመን፣ ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረች አንዲት የከብት እርባታ ጣቢያ መዝጋቢ ነበርኩ። ሥራዬ የትኛው ኮርማ ሥጋ የሚይዝ ዘር እንደሚሰጥ መለየት ነበር። ኮርማን በራሱ ግዝፈት መፍረድ አይቻልም፤ በደንብ የተመገበ ሁሉ ይገዝፋል። የሚፈረደው በልጆቹ ነው። ስለዚህ ጥጆቹ ጡት እንደጣሉ እመዝናለሁ፤ የዕድሜያቸውንና የእናታቸውን ልዩነት በስሌት አስተካክላለሁ፤ ከዚያም የአንዱን ኮርማ ልጆች ከሌላው ልጆች ጋር አወዳድራለሁ።

በዚያ ዓመት አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ኮርማ ነበሩን። መኖ ስላጠረ አንዱ ለዘር እንዲቀር፣ ሌላው ለላብ አደሮች ቀን እንዲታረድ ታዘዘ። የሚቀረውን የሚለየው የእኔ ሠንጠረዥ ነበር።

የከብት ሚዛን አልነበረንም። የቡናው ወቅት ሲያልፍ ከጅማ መርካቶ የቡና ጆንያ መመዘኛ በጋሪ አስመጥተን ዙሪያውን በእንጨት እናጥረዋለን። ለሁለት ቀን ብቻ ተፈቀደልን። ሐሙስ የቀዩን ልጆች፣ ዓርብ የጥቁሩን መዘንኩ። የጥቁሩ ልጆች በአማካይ ዘጠኝ ኪሎ በለጡ። ድምሩን ሦስት ጊዜ አጣርቼ ፈረምኩና ለጣቢያው ኃላፊ አስረከብኩ። ቀዩ እንዲታረድ ተወሰነ።

ቀዩን የሚወስደው መኪና ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ከእረኞቹ አለቃ ጋር አጥሩ ሥር ቆመን ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ የሰቃ ሰው ናቸው፤ ማሻአላህ ሳይሉ ጥጃ አያደንቁም። ቀዩን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወላሂ ልጄ፣ ሚዛንህ ምን እንዳየ አላውቅም። የዚህ ልጆች ጀርባ እኮ ሰው ያስተኛል።»

«ሚዛን አያዳላም፣ አባቴ።»

«ኤዬ፣ አያዳላም። ዓርብ ከሆራ ሲመለሱማ የሁሉም ሆድ ከበሮ አክሎ ነበር።»

ሆራ የየመንደሩ ከብት በተራ የሚወርድበት ጨዋማ ምንጭ ነው። ከብት እዚያ ከደረሰ እስኪነፋ ይጠጣል።

«ከማታ ጀምሮ ውኃ እንዳይቀምሱ ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለህ ነበር፤ ከለከልናቸውም። ተራችን ግን ዓርብ ጎህ ላይ ነበረ። ተራ ካመለጠ የሌላው መንደር ከብት ይገባል፤ ጥጃም ሆራ ከቀረበት ይከሳል። ከጁምዓ ሶላት በፊት አድርሰን መለስናቸው። አንተስ ስትመዝን ‹ዛሬስ ሞላ ብለዋል› እያልክ ትስቅ አልነበረም?»

ብያለሁ። ሐሙስ ባዶ ሆድ፣ ዓርብ ውኃ መዝኛለሁ። ጥፋቱ የሽማግሌው አልነበረም። የሁለቱን ኮርማ ልጆች ቀላቅዬ በሁለቱም ቀን ብመዝን ኖሮ ሆራው ለሁለቱም እኩል በደረሰ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ በሻገተ ዘር የተነሣ አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ገና ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ዝም ካልኩ ደግሞ ለዓመታት የሚወለደው ጥጃ ሁሉ በስህተቴ ይወለዳል።

«ጥፋተኛው እሱ ነው ብለህ የእኔን ስም ጻፍ» አሉ ሽማግሌው ፊቴን አይተው። «እኔ እንደሆን ማንበብ አልችል፤ ምን ያስፈራኛል?»

በማግስቱ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ሚዛኑ እንዴት እንደተሳሳተ ነገርኩት።

«ጓድ፣ ይህ እኮ ፊርማህ ነው» አለኝ ወረቀቱን እያሳየ። «ትናንት እርግጠኛ ነበርክ፤ ነገ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?»

«ጥጆቹ እንደገና ይመዘኑ፣ ጓድ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን በጽሑፍ እሰጣለሁ።»

የፈረምኩበትን ወረቀት ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ ባዶ ወረቀት ገፋልኝ። ጻፍኩ። የሽማግሌውን ስም አልጠቀስኩም።

ጋሪው ሚዛኑን ይዞ የደረሰው መኪናው በሚመጣበት ጧት ነበር። አንድ የቀዩን ልጅ፣ አንድ የጥቁሩን እያፈራረቅን ባዶ ሆዳቸውን መዘንን። ገና ግማሹ ሳይመዘን መኪናው መጣ፤ ቀዩንም አስረው ጫኑት። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ኮርማው ይጮኻል፤ እርሳሴ በላብ ከጣቴ ይንሸራተታል። ኃላፊው እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከበላዬ ቆሞ ነበር። ከቀዩ ልጆች ውጤት ሌላ የሚያድነኝ ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

የቀዩ ልጆች ስድስት ኪሎ በለጡ። ኃላፊው ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ አነበበና «አውርዱት» አለ።

ጥቁሩ በምትኩ ተጫነ። የወጣው በዝግታ ነው፣ ገመዱን ሳይጎትት። ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የዛሬውስ እርግጥ ነው?»

«ከመጀመሪያው ይሻላል፣ አባቴ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ ማለት አልቻልኩም።

ያ በእጄ የጻፍኩት ወረቀት ግን ከፋይሌ አልወጣም። እድገት በተጠየቀ ቁጥር፣ ኮሚቴ በተሰበሰበ ቁጥር፣ አንዱ አንሥቶ የሚያነበው እየመሰለኝ ዓመታት አለፉ። ጡረታ በወጣሁ ዕለት ፋይሉን አስፈቅጄ ገለጥኩት። እዚያው ነበር፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ማንም ምንም አልጻፈበትም። ከሥሩ የተያያዘውን የዚያን የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ድምር እንደገና አጣራሁት፤ ድምሩስ ልክ ነበር።