ደረቱ ላይ የተቃጠለው ጋውን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በጸሎት እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ አልፌዋለሁ። እናንተ ፊቴን ስለማታዩኝ ልናገር።

መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ካውያ ከእጄ አልተለየም። የቤተ ክርስቲያናችንን የኳየር ጋውኖችም የምተኩሰው እኔ ነኝ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ የራሴን አቃጠልኩት። የካውያው ቅርጽ ደረቱ ላይ ቁጭ አለ!

እኔ ሰው ሲያየኝ እግሬ የሚተሳሰር ሰው ነኝ። የጓደኛዬ የታሪኳ ጋውን ደግሞ ልኩ ከኔ ጋር አንድ ነው። የተቃጠለውን በሷ ቀየርኩት። እኔ ነኝ የቀየርኩት። በማግስቱ ፊት ቆማ መዝሙር የምትመራው እሷ ነበረች፤ እኔ የኋላ ረድፍ ነኝ። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

ታሪኳ ስትለብሰው አንገቱ ውስጥ የኔ መሆኑ እንዲታወቅ የሰፋሁትን ሰማያዊ ክር አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። በአንድ እጇ ማይኩን ይዛ፣ ሌላውን ደረቷ ላይ አድርጋ ዘመረች። ሕዝቡ ልቧ የተነካ መስሎት አለቀሰ። ኳየሩም አንድ በአንድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔም አደረግኩ!

ስንወጣ፣ "ክንዴ ደነዘዘ እኮ አንቺ! አፍንጫዬን ቢበላኝ ምን ልሆን ነበር?" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

መሪያችን ወንድም ማቴዎስ ግን ጋውኖቹን ሲሰበስብ ቃጠሎውን አየው።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው" አለች ታሪኳ።

"ልብሷን መያዝ ያቃታት ልጅ ለፋሲካ አትመራም።"

ስንት ጊዜ የተለማመደችውን መዝሙር ሌላ ሰው መራው። እኔስ? ወንድም ማቴዎስ ሲጠይቅ አጠገቧ ቆሜ የጫማዬን ጫፍ አይ ነበር።

የዚያን እሑዱን መዝሙር ስንዘምር ዛሬም ኳየሩ በሙሉ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ አዳዲሶቹም ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ይከተላሉ። ታሪኳ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፤ ሳቄ ያመልጠኛል። ስለ መስቀሉ ሲሰበክም የሷ እጅ ይመጣብኛል። ቃጠሎው የተጣፈበት ጋውን እስካሁን እሷ ላይ ነው። ንጹሑን የለበስኩት እኔ ነኝ።

ዓይን አፋርነቴን ምክንያት አላደርገውም። እሑድ በምስክርነት ሰዓት፣ ወንድም ማቴዎስም ባለበት፣ እጄን አወጣለሁ። ከተንቀጠቀጥኩ ማይኩን የምትይዝልኝ ራሷ ታሪኳ ናት፤ አውቃታለሁ።

ይቅር በይኝ፣ ታሪኳዬ። ጋውኔን መልሺልኝ።